የሻንጣ ያዧ ችሎታ

በመሥሪያ ቤቱ ቀለሟ ይሏታል። ታናሽ እህቷ የምትሥላቸውን የካርቱን ልጆች በኮምፒውተር ቀለም የምትቀባው እሷ ናት። እናታቸው አልጋ ላይ ስትወድቅ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ታናሿን ያሳደገችም እሷው ናት። ታናሿ ሥዕል ተማረች። ስሟ ካርቱኑ ሲጀምር በትልቁ ይወጣል። የቀለሟ ሲያልቅ በደቃቃ ፊደል ያልፋል፣ ለዚያውም ልጆቹ ጣቢያ ከቀየሩ በኋላ።

የካርቱኑ ልጆች አራት ናቸው። አንዷ ከመዳፏ ሰማያዊ እሳት እየወጣ ትበራለች፤ አንዱ ቤት ያነሳል፤ አንዱ ይሰወራል። አራተኛዋ የሦስቱን ሻንጣ ትይዛለች። በራሪዋ ቁርጥ ታናሿን ነች። ሻንጣ ያዧ፣ በሰፊው ግንባሯም በጎበጠው ትከሻዋም፣ ቁርጥ ቀለሟን። ታናሿ አውቃ ትሁን ሳታውቅ ቀለሟ ጠይቃት አታውቅም፤ ግን በቀባቻት ቁጥር ያንገበግባታል።

ሰኞ ዕለት አለቃው፣ "ይቺ ልጅ እስከ ዓርብ አንድ ችሎታ ካላገኘች ትወጣለች። ዝም ብላ ቦታ ይዛለች" አለ።

ቀለሟ የሻንጣ ያዧን ሥዕል ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች።

ታናሿ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። "እታለም፣ ምን ልስጣት? ጭንቅላቴ ደርቋል።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የተማርሽው?"

"ጀመረሽ ደግሞ።"

"እሺ፣ ምግብ ታብስልላቸው።"

"እሱማ ምን ችሎታ ነው?" ብላ ሳቀች።

አሥራ ስምንት ዓመት ያበሰለችላት ሴት ፊቷን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች።

ሐሙስ በራሪዋና ሻንጣ ያዧ እጅ ለእጅ ተያይዘው ድልድይ የሚሻገሩበትን ክፍል ትቀባ ነበር። የበራሪዋን መዳፍ ስታይ ውስጧ ተቃጠለ። ለማየት ያህል ብላ ሰማያዊውን እሳት ለሻንጣ ያዧ ሰጠቻት፤ በራሪዋን አመድ አስመሰለቻት። ደስ አላት። ልትመልሰው አስባ ሳትመልሰው ለአለቃው ላከችው።

ዓርብ ጠዋት ሁሉም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን አዩት። እጅ ለእጅ ሲያያዙ እሳቱ ወደ ሻንጣ ያዧ ተሻገረ።

"የነካችውን ሰው ችሎታ ትወስዳለች ማለት ነው" አለ አለቃው ቀስ ብሎ። "ትቆያለቻ። ማን አሰበው?"

ዓይኑ ታናሿ ላይ ነበር።

"እህቴ ናት" አለች ታናሿ፣ ምንም ሳይከብዳት።

ቀለሟን ይሄ ደግሞ ቆረጣት። ያላት ሰው ናትና መስጠቱም ይቀላታል።

"ግን እታለም፣ በራሪዋ ባዶ እጇን ትቅር? መቼ ነው የምትመልስላት?"

ቀለሟ ግድግዳው ላይ ያለችውን አመድ የመሰለች ልጅ አየት አደረገቻት።

"መመለሱን ትመልሳለች" አለች። "መጀመሪያ ትንሽ ትብረርበት።"