የጋሼ በድሩ የጤፍ ገጽ

ትናንት በእድራችን የስልክ ግሩፕ ላይ የአንዲት ጎረቤታችን የቀብር ሰዓት ተለጠፈ። አንዱ ከሥሩ «በሳምንት ሀብታም ይሁኑ» የሚል ሊንክ ደነቀረበት። ደሜ ፈላ። በዚህ ነገር መናደድ ዛሬ አልጀመረኝም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ ኢንተርኔት ገና በየኪሱ አልገባም። እኔ የአማኑኤል ሰፈር ልጅ ስሆን፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ያለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ደንበኛ ነበርኩ። እዚያ ቁጭ ብዬ፣ ማንም ገብቶ በሚጽፍበትና በሚያርመው የአማርኛ የዕውቀት ድረ ገጽ ላይ ስለ ጤፍ እጽፍ ነበር።

ያስተማሩኝ የአባቴ ወዳጅ ጋሼ በድሩ ናቸው፤ እህል በረንዳ ጤፍ በጅምላ የሚሸጡ የስልጤ ሰው። ክረምቱን ሙሉ በጭቃው እየተንሸራተትኩ፣ ተሸካሚዎቹ «ዞር በይ!» እያሉ ሲገፉኝ፣ እሳቸው ዘንድ ተመላለስኩ። አንድ እፍኝ ጤፍ መዳፋቸው ላይ ያደርጉና እፍ ይሉበታል፤ ጥቂቱን አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው ከየት አገር እንደመጣ፣ ዝናብ መትቶት እንደሆነ፣ ከአምናው ጋር ተደባልቆ እንደሆነ ይነግሩኛል። ሁሉንም ጻፍኩት። የነገሩኝ እሳቸው መሆናቸውንም ከሥሩ አሰፈርኩ።

መስከረም ሲጠባ «መጥተው ይዩት» ብዬ ለመንኳቸው። ኮፊያቸውን አስተካክለው፣ ልጃቸውን ዘሃራን ይዘው መጡ። ገጹን ከፈትኩ። ዘሃራ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረችና ድንገት አቋረጠች። በማኛና በሠርገኛ ጤፍ መሃል የወንዶች ኃይል መጨመሪያ ክኒን ማስታወቂያ፣ ከነሊንኩ፣ አምስት ጊዜ ተደርድሯል።

«ምነው ቆምሽ? አንብቢው እንጂ» አሏት ጋሼ።

አቀረቀረች። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት።

«ይኼን እኔ ነኝ ያልኩት?» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ! ሌላ ሰው ነው የጨመረው።»

«ታዲያ ስሜ እዚህ ምን ይሠራል?»

ልጃቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ማን መቼ ምን እንደጨመረ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈትኩ። ክኒኑን የለጠፈው ሰው የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር እኔ ስጽፍ ከሚመዘገበው ቁጥር ጋር አንድ ነው። የዚያው ኢንተርኔት ቤት ቁጥር! ቤቱን ወደሚያስተዳድረው ልጅ ዞርኩ።

«ሳሚ፣ አንተ ነህ?»

ሳቀብኝ። «ደንበኛ አዞኝ ነው ባክሽ። ሊንኩ ብዙ ቦታ ሲገባ፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ከላይ ይወጣል። ደግሞ ስለ ጤፍ ማን ያነባል ብለሽ ነው?»

አጠፋሁት። በማግስቱ መልሶ ለጠፈው። አሁንም አጠፋሁ፤ አሁንም ለጠፈ። በአራተኛው ቀን ቁጥሩ እንዲዘጋ ለድረ ገጹ ጠባቂዎች ጻፍኩ። «ከዘጋነው ከዚያ ቤት አንቺም መጻፍ አትችዪም» አሉኝ። «ይዘጋ!» ብዬ መለስኩ። ተዘጋ።

የጸዳውን ገጽ በወረቀት አሳትሜ እህል በረንዳ ሄድኩ። ጋሼ በድሩ እጃቸውን እንኳ አልዘረጉም።

«አጥፊው» አሉ።

«ጸድቷል እኮ ጋሼ።»

«ነገ ሌላው ይመጣል። ልጄ ፊት ያፈርኩት ይበቃኛል። አጥፊው።»

ወረቀቱን እዚያው ፊታቸው ቀደድኩት። ሌላ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ ጠባቂዎቹን ጠይቄ፣ ገጹን ከነለውጦቹ ዝርዝር አስጠፋሁት።

ጋሼ በድሩ ካረፉ ቆይተዋል። ሰዎች «ሊንክ ነው እኮ፣ ምን ያናድድሻል?» ይሉኛል። ሳሚን እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም። ራሴንም እንደዚያው። ንዴቴ በርዶልኝ ቢሆን ኖሮ አንዲት ቅጂ ለራሴ አስቀር ነበር። አሁን ዘሃራ ለልጆቿ የአባቷን ሙያ ልትነግር ፈልጋ ስትደውልልኝ፣ ግማሹን ረስቼዋለሁ እላታለሁ።