የጃርቱ ዋስ

ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን ጓሮ፣ ታላቅ ወንድሜ ሁሴን ድንች ተክሎ ነበር። ያኔ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያ ነበር። ታዲያ አንድ ጠዋት ከጦሳ ተራራ የወረደ ጃርት ግማሹን ቆፋፍሮ በልቶት አገኘ። አለቀሰ። ከዚያ እንባውን ጠርጎ የሽቦ ወጥመድ ሠራና፣ «ወላሂ ዛሬ አያመልጠኝም!» እያለ ሲፎክር ዋለ።

ከኩታበር መጥተው አብረውን የሚኖሩት አያታችን፣ አባባ ይመር፣ ይህን ሁሉ ሰሙ። ቁጡ ነበሩ፤ ይቆጡታል ብዬ ስጠብቅ ግን ለምሽቱ አቆዩት። ያን ምሽት መብራት ጠፍቶ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እንደ ልማዳችን ሦስታችን የከሰል ማንደጃውን ከበን፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን እኔና ሁሴን ተረት ስንጠብቅ፣ አባባ «ድሮ እኛ አገር ሰውና አውሬ ከአንድ ወይራ ሥር ይካሰስ ነበር» ብለው ጀመሩና አቋረጡት። ቡልኳቸውን አውልቀው ሁሴን ላይ ጣሉበት።

«በል አንተ ጃርቱ ነህ። ዘሃራ፣ አንቺ ከሳሽ። ዳኛው እኔ።»

ሁልጊዜ ኩርኩም የሚያቀምሰኝ ወንድሜ እጄ ገባ! ክሱን አሳምሬ ዘረዘርኩት፤ ድንቹን፣ ላቡን፣ ውሃ ያመላለሰበትን ጀሪካን ሳይቀር።

ሁሴን ቡልኮው ውስጥ ሆኖ እየሳቀ፣ «ርቦኝ ነዋ! ጫካዬን ቆርጣችሁ ጨረሳችሁት» አለ።

«ዋስ ጥራ» አሉት አባባ። እኛ አገር ተከሳሽ ዋስ ካገኘ ይለቀቃል። ሁሴን ወደ እኔ ዞረ።

«ኧረ ወዲያ! አልዋስህም» ብዬ ሳቅኩበት።

አባባ ከትከሻቸው ፎጣቸውን አውርደው ቁርጭምጭሚቱን ጥፍር አድርገው አሰሩት። «ሽቦው ይህ ነው እንግዲህ።» ፍሙ ይንጣጣ ነበር። ሁሴን መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ እግሩን ሳበ፤ ፎጣው ይበልጥ ጠበቀበት። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«አባባ፣ ፍቱኝ በአላህ… ሄጄ ወጥመዱን ላንሳው።»

አባባ ሲፈቱት ኩራዙን ይዞ ወደ ጓሮ ሲሮጥ እኔ በኀፍረት መሬት መሬት አይ ነበር።

በማግሥቱ አባባ የዳሩን መደብ በእርምጃ ለኩ። «ይቺ የእኔ ድርሻ ናት፤ ጃርቱ ይብላት። ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። የቀረውን ከሁሴን ጋር በእሾህ አጠሩት። ድንቹ ሲወጣ ከእሳቸው መደብ የተገኘው ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን «አልሐምዱሊላህ፣ እንግዳችን ጠግቧል» ብለው ሳቁ። አላህ ይዘንላቸው፤ ያን ምሽት ስላወረሱኝ ባመሰግናቸው አይበቃኝም።

ዛሬ ኮምቦልቻ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ጃርት፣ ጅብ፣ ጭላዳ እየሆኑ ክፍል ውስጥ ይካሰሳሉ። ዳኛው «ዋስ ጥራ!» ሲል እነሱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ እኔ ቀድሜ እጄን አነሳለሁ።

«ቲቸር ደግሞ፣ ሁልጊዜ እርስዎ!» ብለው ይስቁብኛል።

ያኔ ለወንድሜ ያላነሳሁት እጅ መሆኑን አልነገርኳቸውም።