አቻ ወጥተን እልል ያልን ዕለት

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ... የሱዳኗ ገዳሪፍ በሙሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ጥላ ሥር በተጋደመበት ሰዓት፣ እኔና እናቴ አንዲት ስልክ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከተን ዙሪያዋን ተቀምጠናል። ስልክ ቆርቆሮ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጎላል። የእኛ ቤት ስቴዲየም እሷው ነበረች።

በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሰናይት ናት፣ የታናሽ እህቴ የብርቄ የቡድን ጓደኛ። እግሯ ተጎድቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ስለዋለች የዕለቱን የኳስ ጨዋታ ለእኛ የማስተላለፉ ሥራ እሷ ላይ ወደቀ። ብርቄ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ በሴቶች ሊግ የምትጫወት በረኛ ናት። በመተማ ተሻግራ ጎንደር አክስታችን ዘንድ ልትማር ሄዳ፣ ክለብ አይቷት በዚያው ቀረች።

እናቴ ይኼ ነገር አልተዋጠላትም። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ቁርጡን ነገረቻት።

«ክለብሽ ሊጉ ውስጥ ከቆየ ቆዪ፣ አልከለክልሽም። ከወረደ ግን ጓንትሽን ጥለሽ ትመጫለሽ። ጌትዬን ታገቢያለሽ።»

ጌትዬ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ልጅ ነው። ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል። ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም፣ ብርቄም አትጠላውም። ግን ኳስ እያማራት መጥታ ቤት ብትቀመጥ ምን እንደምትሆን እኔ እህቷ አውቀዋለሁ።

ክለቡ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ ከረመ። እናቴ ኳስ ክብ መሆኑን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ የደረጃ ሠንጠረዥ አዋቂ ሆና አረፈችው። «ዛሬስ ስንተኛ ሆኑ?» ትለኛለች። «ከመጨረሻ ሁለተኛ» ስላት ያዘነች ትመስላለች... ግን ያን ቀን ሻዬ ላይ ስኳር ይበዛል። እትዬ ዘነቡማ ለሙሽራ የሚሆን የሱዳን ሽቶ ገዝታ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

እንግዲህ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ከተሸነፉ ይወርዳሉ፣ አቻ ከወጡ ይተርፋሉ። አንድ ለአንድ ናቸው፣ ሊያልቅም ትንሽ ቀርቶታል። ሰናይት ግን ማስተላለፉን ረስታዋለች።

«ወይኔ... ወይኔ...»

«ምን ሆነ? ተናገሪ እንጂ አንቺ!»

«አይይይ... ወይኔ...»

ግማሹን ጨዋታ የሰማነው በወይኔ ነው። በኋላ ድምፅዋ ወረደ። «ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን» አለች።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ማለት ነው?»

«ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ይቆምና አንዷ መጥታ ትመታለች፣ ብርቄ ብቻዋን ትጠብቃለች። ከገባባት አለቀ፣ ትመጣልሻለች።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ቆርቆሮውን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ብቻዋን? ምነው ያን ሁሉ ሆነው የሚያግዛት ታጣ?»

«ልትመታ ነው...» አለች ሰናይት። ከዚያ ጭጭ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

ከዚያ ቆርቆሮዋ ልትፈነዳ ደረሰች። ስቴዲየሙ በሞላ «ብርቄ! ብርቄ! ብርቄ!» ይላል። ሰናይት እያለቀሰች «መለሰችው፣ መለሰችው» ትላለች። እኔ ገና ምኑም ሳይገባኝ እናቴ ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ፊሽካው ተነፍቶ ጨዋታው አለቀ፣ የእሷ እልልታ ግን አላለቀም።

በእኛ ሰፈር እልልታ ከተሰማ ሰው ምክንያት አይጠይቅም፣ ስኳሩን ይዞ ይገባል። መጀመሪያ የገባችው የግድግዳ ጎረቤታችን ሱዳናዊቷ ሐጃ ነፊሳ ናት። ስኳሯን እንደታቀፈች «መብሩክ፣ መብሩክ» እያለች እናቴን ሳመቻት፣ እሷም እልል አለች። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሉ። ከሁሉ ኋላ እትዬ ዘነቡ... ሽቶዋን ይዛ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ።

«በመጨረሻ እሺ አለች አይደል? ልጄ ሊሞሸርልኝ ነው።»

እናቴ እልልታዋን አቋረጠች። እኔን አየች፣ እኔ ቆርቆሮዋን አየሁ።

«የለም ዘነቡ... ብርቄ ኳስ መልሳ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አትመጣም።»

እትዬ ዘነቡ ፊቷ ሲቀያየር እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልኩ። ይኼኔ ጌትዬ እጁ በዘይት እንደተለወሰ እየሮጠ ደረሰ። ያን ሁሉ ሴት አልፎ ወደ እኔ መጣ።

«ስንት ለስንት አለቀ?»

«አንድ ለአንድ።»

«ተረፉ?»

«ተረፉ።»

አንገረቡ፣ የገመድ አልጋችን ላይ ዘፍ አለና በረዥሙ ተነፈሰ። «እልልታውን ስሰማ እኮ የወረዱ መስሎኝ ነው። እንዴት እንደደነገጥኩ።»

እናቱ አፈጠጠችበት። «አንተ ልጅ፣ እንድታገባህ አይደለም እንዴ የለፋነው?»

«ታግባኝ እንጂ፣ እኔም እፈልጋታለሁ። ግን ተሸንፋ እንድትመጣልኝ አልፈልግም።»

ሐጃ ነፊሳ የተባለውን በዓረብኛ ተርጉሜላት ስትሰማ «ወላሂ እንዲህ ያለ ልጅ ዓመትም ቢሆን ይጠበቃል» አለችና ሽቶውን ከእትዬ ዘነቡ እጅ ቀማች። ከፍታም ሁላችንንም ረጨችን። ጌትዬን ከእነ ዘይቱ ረጨችው፣ ቆርቆሮዋም ደረሳት። ስኳሩ በውሃ ተበጥብጦ ተጠጣ። እትዬ ዘነቡም መጀመሪያ አኮረፈች፣ ቆይታ ሳቀች፣ መጨረሻ ላይ ጭፈራውን የመራችው እሷ ሆነች።

ሰው ከወጣ በኋላ እናቴን «ምን ነክቶሽ ነው እልል ያልሽው? ዓመቱን ሙሉ እንዲሸነፉ ስትለምኚ ከርመሽ?» አልኳት።

ብርጭቆ እያጠበች ነበር፣ ዞራም አላየችኝም።

«ያ ሁሉ ሰው እኔ ያወጣሁላትን ስም ሲጠራ ሰማሁ» አለች። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

ከዚያ ወዲህ ክለቡ በተሸነፈ ቁጥር ሻዬን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው።