የሽዩሊ ዛፍ

ቶራብ አሊ የመንደሩ መቀለጃ ነበር። «ከሰው ይልቅ ከሌሊት ወፍ ጋር ይመካከራል!» ይሉታል። ምን ያድርግ? ብርዱ ሲገባ የቴምር ዛፎቹን ግንድ ይፍቅና ማሰሮ ያንጠለጥላል፤ ጣፋጩ ጭማቂ ሲንጠባጠብ ያድራል። የሌሊት ወፎች ደግሞ የጣፈጠውን ዛፍ ለይተው ያውቃሉ። «ምላሳቸው አይሳሳትም» ይል ነበር እሱም።

የሌላውን ዛፍ ጭማቂ አፍልቶ፣ ስኳር አድርጎ ለገበያ ያወጣል። የሌሊት ወፎቹ የሚሻሙባትን አንዷን ዛፍ ግን ራሱም አይቀምሳትም፤ የአንድያ ልጁ የሽዩሊ ናት። ሽዩሊ ወንዝ ማዶ ከተዳረች ወዲህ፣ የወቅቱን የመጀመሪያ ማሰሮ ሳያፈላ፣ እንደቀዘቀዘ በማለዳ ያደርስላታል።

የዚያን ዓመትም አደረሰላት። ባሏ ሞኒር ኩባያ ይዞ ጠጋ ቢል፣ «ሂድ ወዲያ! የአባቴን አላካፍልም!» ብላ ግጥም አድርጋ ጠጣችው። ቶራብ ከት ብሎ ሳቀ። «ተዋት ልጄ፣ ድሮም ሆዳም ናት።»

ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ጣላት። አባቷን እስክትረሳ ቃዠች፤ ከዚያ ሞተች። ወይ አበሳ! ቶራብ ከቀብሯ ሲመለስ የሞኒርን ሸሚዝ ጨምድዶ፣ «አንተ ነህ መርዘህ የገደልክብኝ! አንተን ምነው ምንም አልነካህ?» ብሎ ጮኸ። የሰው አፍ ደግሞ መች ያርፋል? ሞኒር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ጨርቅ የሚያመጣለት ጠፋ። ሻይ ቤት ሲገባ አጠገቡ ያለው ይነሳል።

በሌላ መንደርም እንዲህ ያለ ትኩሳት ስለተሰማ ከከተማ ሐኪሞች መጡ። ቶራብ ደስ አለው፤ መርዙን ሊያወጡለት መስሎት ሞኒር ቤት ድረስ ተከትሏቸው ሄደ። አንዷ ሐኪም ሟቿ የበላችውን ሁሉ ጠየቀች። ሁሉንም ከባሏ ጋር ከአንድ ድስት ነው የበሉት።

«ብቻዋን የቀመሰችው ነገር የለም?»

ሞኒር አማቱን አየና አቀረቀረ። «የለም» አለ።

«እንዴት የለም!» ብሎ ጣልቃ ገባ ቶራብ፣ ስጦታው ተረስቶበት ተናዶ። «የኔን ጭማቂ ጠጥታለች! ከጣፋጯ ዛፍ፣ የሌሊት ወፎች ከሚሻሙባት!»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባባ፣ ፈልቶ ነበር?»

«ለልጄ? ምን ሲደረግ!»

በዛፏ ዙሪያ መረብ ዘረጉ፤ ከሌሊት ወፎቹ ምራቅ ወሰዱ። ከሳምንታት በኋላ ሐኪሟ ተመልሳ ቶራብን አጠገቧ አስቀመጠችና ቀስ ብላ ነገረችው። በሽታው ከእነሱ ነው። ምራቃቸው ማሰሮው ውስጥ ገብቷል። ጭማቂው ቢፈላ ኖሮ በሽታው ይሞት ነበር። ገበያ የሄደው ማንንም አልነካም።

ቶራብ አላለቀሰም። እንባ እንቢ አለው። ወንዙን ተሻግሮ ሻይ ቤት ገባና፣ ሰው ሁሉ እያየ ከሞኒር ጎን ተቀመጠ።

«ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ ጮክ ብሎ። «እሱ የለበትም።» ከዚያ ወደ ሞኒር ዞረ። «አንተ አውቀህ ነበር?»

«ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን የለም አልክ? ሰው ሁሉ ሲሸሽህ!»

ሞኒር ብርጭቆውን ወደ ሽማግሌው ገፋ አደረገለት።

«እኔስ ችዬው ነበር፣ አባባ። እርስዎ አይችሉትም ብዬ ነው።»