የቢምረው የቁም ተዝካር

ቢምረውን በደንብ አላውቀውም። ሰቆጣ ውስጥ እሱን ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ ሰዎች ሞልተዋል፤ ነገር ግን አንዳቸውም ስለሱ ሊጽፉ ስላላሰቡ ነገሩ በእኔ እጅ ወደቀ። እኔ የማውቀው ማጅራቱን ነው። በማታው ትምህርት ሁለት ዓመት ከኋላው ተቀምጬ፣ ሰሌዳውን ያየሁት በትከሻው ላይ አሻግሬ ነው። ሰፊ ማጅራት ነው፤ ቀንበር ቢጭኑበት የሚችል። መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ ከሁላችንም ቀድሞ የሚያልበው እሱ ነበር።

ቀን ከከተማው ዳር ያለችውን ማሳውን ያርሳል፤ ሲመሽ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይመጣል። ዕድሜው አርባ አምስትን አልፏል። ሚስቱ ዘመናይ ትባላለች። አምስት ልጆችና ዳልቻ የሚባል አንድ በሬ አሏቸው። ዳልቻን መጨረሻ ላይ የጠራሁት አቃልዬው አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ታሪኩ የሱ ስለሆነ ነው።

አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ሁለተኛው በሬ ቦራ የጎረቤታቸው የእትዬ ወለተጊዮርጊስ ነው። እትዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ለሥራ ተሰደው የቀሩባቸው፣ በአካባቢው ለቅሶ ሁሉ የሚጠሩ አልቃሽ ናቸው። ሁለቱ ቤቶች ከተቀናጁ ቆይተዋል። ቢምረው ዳልቻንና ቦራን ጠምዶ መጀመሪያ የሳቸውን፣ ቀጥሎ የራሱን ማሳ ያርሳል። አንዱ በሬ ከጎደለ ሁለት ቤት ሳይዘራ ይከርማል።

ኅዳር ላይ ቢምረው ሁለት ሳምንት ያህል ከክፍል ጠፋ። ሲመለስ «ወልድያ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነበር» አለን። በእጁ አንድ መጽሐፍ ነበር።

ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ መጽሐፍ ነው። ሐኪሞች «ከዓመት በላይ አትቆይም» ያሉት አንድ ሰው ስለ ራሱ የጻፈው። ሽፋኑ ላይ ሰውየው ተራራ ጫፍ ቆሞ፣ እጆቹን ዘርግቶ ይስቃል። በኋላ እኔም ተውሼ አነበብኩት። ሰውየው እንደሚሞት ከሰማ በኋላ በመርከብ ይጓዛል፤ ይዋኛል፤ ተራራ ይወጣል፤ በየምዕራፉ መጨረሻ ፀሐይ ስትወጣ አይቶ ያለቅሳል። እኔ ጤነኛ ሆኜ የአንዱን ምዕራፍ ያህል ብሠራ ሳምንቱን ተኝቼ እውላለሁ።

ለነገሩ በእኛ አገር ፀሐይ ስትወጣ ማየት እንደ ሙያ አይቆጠርም። ሞትን መጋፈጥም እንደዚያው ነው። በድርቅ ዓመት በእኛው ጎረቤት ወረዳ በዝቋላ ፍየሎቹ አልቀውበት እሱ የተረፈ ሰው «እንዴት ተረፍክ? እስቲ ጻፈው» አልተባለም፤ ስንዴ ለመቀበል ተሰለፍ ነው የተባለው። ተሰልፎም ፀሐይዋን አይቷታል። ይህን የምለው ማንበብ ስለማልችልበት ሊሆን ይችላል።

የአማርኛ መምህራችን ዓለምብርሃን ገና ወጣት ነው፤ አዳዲስ ዘዴ ይወዳል። እያንዳንዳችን ያነበብነውን መጽሐፍ ለክፍሉ እንድንተርክ አዘዘን። ብዙዎቻችን ከመማሪያው መጽሐፍ አንዲት ገጽ ሸምድደን ተገላገልን። ቢምረው ግን ተነስቶ ወደ ፊት ወጣ። ፊቱን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት።

«ሰውየው ወዳጆቹን ሰበሰበ» አለ። «በቀብሬ ላይ የምትሉትን አሁን በጆሮዬ በሉኝ አላቸው። እነሱም አመሰገኑት። አልቅሶ፣ ስቆ፣ ደስ ብሎት ሞተ። እኛስ? እኛ ሰውን የምናመሰግነው አፈር ከመለስንበት በኋላ ነው። እሱ ምን ይሰማል?»

ድምፁ ተቆረጠ።

ባጃጅ የሚነዳው ምንዋጋው ከኋላ ሆኖ እጁን አወጣ። «ጋሼ ቢምረው፣ ተመስግነህ ሳትሞት ብትቀርስ?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን ቢምረውን ጨብጦ ሙሉ ማርክ ሰጠው፤ «ያነበቡትን ወደ ሕይወት መለወጥ ማለት ይህ ነው» ብሎ አስጨበጨበለት። አንድን ገበሬ በጭብጨባ ማበረታታት ጥሩ ነው። ችግሩ ገበሬው ያምናችኋል።

በሳምንቱ ቢምረው የቁም ተዝካር እንደሚያወጣ ወሬው ደረሰን። የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው አጥተን አናውቅም። ወራሽ የሌለው ሽማግሌ «ከሞትኩ ማን ያስበኛል» ብሎ በሕይወት ሳለ ካህናቱንና ድሀውን ያበላል። አምስት ልጅ ያለው፣ ክረምት ከበጋ የሚያርስ ሰው በመጽሐፍ ተመርቶ ሲያወጣ ግን እኔ የሰማሁት ያኔ ነው። ከሁዳዴ በፊት ባለው እሑድ ይሆናል። የሚታረደው ዳልቻ ነው።

የነፍስ አባቱ ቄስ ደጅይጥኑ ነገሩን በጥንቃቄ እንደመረመሩት ምንዋጋው ነገረን። እሱ ራሱ በባጃጅ አድርሷቸው ቆሞ ሰምቷል።

«ታመሃል?» አሉት።

«ኧረ የለም፣ አባቴ።»

«ልጆችህ ከዱህ?»

«አልከዱኝም።»

«ታዲያ መልካም ሥራን ማን ይከለክላል፣ ልጄ» አሉና ትንሽ ቆይተው፣ «በሬው እንዴት ነው፤ ሥጋ አለው?» ብለው ጠየቁ።

ቅዳሜ፣ በድግሱ ዋዜማ፣ ቢምረው ጎረቤቶቹንና እኛን የክፍል ጓደኞቹን ጠራ። ነገ ካህናቱ ስለሚበዙ የምስጋናው ነገር ዛሬ እንዲሆን ፈልጓል። ግቢው ተጠርጓል። ቢምረው ልጁ የተመረቀበትን ኮት ተውሶ ለብሷል፤ እጅጌው ያጥረዋል። ዘመናይ ጠላ እየቀዳች ሰውን ቀና ብላ አታይም። ዳልቻ አጥሩ ሥር ታስሮ ጭድ ይበላል፤ ከእኛ ሁሉ የተረጋጋው እሱ ነበር።

መጀመሪያ ምንዋጋው ተነሳ።

«ጋሼ ቢምረው ጥሩ ሰው ነበር» ብሎ ጀመረ። «ነው። ይቅርታ፣ የቱን ልበል?»

«እንደ ሞትኩ አድርገህ ተናገር» አለው ቢምረው።

«እንግዲያ ጥሩ ሰው ነበር። እርሳስ ስንጠይቀው ይሰጠናል። ይሰጠን ነበር።» ጠላውን ጨልጦ ተቀመጠ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ተነሳሁ። ስለ ማጅራቱ መናገር ለቦታው የሚስማማ አልመሰለኝም። «ተግቶ ይማር ነበር» ብዬ ተቀመጥኩ። ቢምረው ሁላችንንም በጥሞና ሰማን፤ ፊቱ ላይ ግን ቅር ያለው ነገር ነበር። የመጽሐፉ ሰውዬ ወዳጆች ከእኛ የተሻሉ ተናጋሪዎች ነበሩ።

በመጨረሻ ወደ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎ የሁሉን ያውቁበታል። ለእኔም ይበሉልኝ።»

«ሬሳው የታለ?» አሉት።

«እኔ አለሁ አይደል።»

«እሺ።» ወደ ዘመናይ ዞሩ። «ምን ልበልለት? ጀግንነቱን ንገሪኝ እንጂ፣ ከባዶ አይወጣም።»

ዘመናይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ጥቂት አሰበች። «ያነባል» አለች።

እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሱ። በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ዝግ ብለው ጀመሩ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኛ ኽምጣኛው የማይገባን ሁለት ሦስት ሰዎች ቢምረውን እናያለን። እሳቸው ግን ወደሱ አልዞሩም። ቀስ እያሉ ወደ አጥሩ ሄዱና ከዳልቻ ፊት ቆሙ። ከዚያ ለእኛ ብለው ይመስለኛል ወደ አማርኛ መለሱት፤

ለወገቡ ጅራፍ፣ ለአንገቱ ቀንበር፤
ዳልቻ ማንበብ ቢችል፣ እምቢ ባለ ነበር።

ምንዋጋው ሊስቅ አፉን ከፍቶ ሳይስቅ ቀረ። የእትዬ ድምፅ እውነተኛ የለቅሶ ድምፅ ነበር። ደረታቸውን መቱ።

የበላ አመስግኖ፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤
ቦራ ብቻውን ቀርቶ፣ ከማን ይጠመዳል።

መጀመሪያ የተንሰቀሰቀችው ዘመናይ ናት። ቀጥሎ ልጆቹ። ከዚያ የጎረቤት ሴቶች ተቀበሉ፤ ምንዋጋው እንኳ ፊቱን ወደ ባጃጁ አዞረ። ግቢው በሙሉ ለበሬ አለቀሰ። ዳልቻ ማላመጡን አላቋረጠም። የመጽሐፉ ሰውዬ ሞትን እንደዚያ አልተጋፈጠም፤ እሱ ሲጋፈጥ ብዙ ያወራ ነበር።

ቢምረው በአጭሩ ኮት መካከል ላይ ቆሞ ቀረ። ለቅሶው ጋብ ሲል፣ «ለእኔስ የለም?» አለ።

«አንተ መች ሞትክ፣ ልጄ» አሉት እትዬ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ስትሞት እንነጋገራለን። ዳልቻ ግን ነገ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቢምረው ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ጣለው፤ ሄዶ የዳልቻን ገመድ ፈታና ወደ በረቱ አስገባው። ድግሱ ቀረ። ቄስ ደጅይጥኑ እሑድ መጥተው ንፍሮና ጠላ ሲቀርብላቸው ለመጽሐፍ ያላቸው አክብሮት ክፉኛ ቀነሰ ይባላል። መምህር ዓለምብርሃን ማርኩን አልቀነሰበትም።

የዚያ ቅዳሜ ልወጣ ስል ዘመናይ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ወንድሜ፣ አንተ ዝምተኛ ነህ፤ ምናልባት ላንተ ይነግርህ ይሆናል» አለችኝ። «ወልድያ ለዘመድ አይደለም የሄደው። ለራጅ ነው። መጽሐፉን ከዚያው ገዝቶት መጣ። የራጁን ነገር ስጠይቀው መጽሐፉን ያነብልኛል።»

ልጠይቀው ብዬ ከፊቱ ስቆም እርሳስ እለምነው ነበር። በክፍል ከኋላው ተቀምጬ ስንት ማታ አሳለፍኩ። ከሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ እሱ ራሱ መቅረት አበዛ።

ግንቦት ላይ በማሳው በኩል ሳልፍ አገኘሁት። ዳልቻና ቦራ ተጠምደዋል። የእትዬ ማሳ ታርሶ አልቆ የራሱን ጀምሯል። ከኋላው መጣሁና ቆምኩ። ማጅራቱ ጠቧል፤ ሁለቱ ጅማቶች ወጥተው መሃሉ ጎድጉዷል። በሌላው ነገር ልሳሳት እችላለሁ፤ ከሱ የማውቀው ይህን ብቻ ነውና በዚህ አልተሳሳትኩም።

ሰላምታ ተለዋወጥን። ስለ ዝናቡ ተነጋገርን። ምንዋጋው ባጃጁን አምደወርቅ መንገድ ላይ ገልብጦ በእግሩ እንደገባ ነገርኩት፤ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ አሳለው፤ እስኪያልፍለት እርፉን ተደግፎ ቆመ።

«ቢምረው» አልኩት። «ወልድያ ምን አሉህ?»

ላቡን በክንዱ ጠረገ። ወደ እትዬ ቤት፣ ከዚያ ወደ በሬዎቹ አየ።

«እሱን ተወው» አለና ጅራፉን አነሳ።