ከጋቢው ሥር

ከቸሃ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ እንዳያለቅስብኝ ብዬ። ልጄን ምሕረትን አዝዬ፣ ጥቁር ነጠላዬን ደርቤ፣ የባሌን የሳህሌን ጋቢ በፌስታል ይዤ። አማቴን አዶት ነው የምላቸው፣ እናቴ እንደማለት። ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው እስከ ሚኒባሱ ተከተሉኝ። «ልጅቷ የተናገረች ቀን ደውይልኝ» አሉኝ።

ምሕረት ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነው። አባቷ እያለ ታወራ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ዝም አለች።

ወልቂጤ የመጣሁት ሥራ አግኝቼ ነው፤ በአንድ ጽሕፈት ቤት የሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር እጽፋለሁ። ከቸሃ ሩቅ አይደለም፣ እዚያው ያላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ለእኔ ግን ባሕር ማዶ ነው። ቸሃ ጠዋት ጉሙ እንሰቱን ሲያርሰው ምሕረት በቅጠሉ መሀል ትሽሎከለክ ነበር፤ አዶት ቆጮ ሲያቦኩ ጉርሻ የምታህል ሊጥ ይሰጧትና የራሷን ትጋግር ነበር። እዚህ ሙቀቱ፣ የሲሚንቶ ግቢው፣ የባጃጁ ጩኸት። ቆጮውም የገበያ ነው፣ ላስቲክ ላስቲክ ይላል።

መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ።

«ባለቤትሽ ቀርቦ ይፈርም» አለኝ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይል።

«አርፏል።»

«ታዲያ ሞቱን ለምን አላስመዘገበም?»

«ጊዜ አላገኘም፣ ወንድሜ» አልኩት። እሱን ጻፈው መሰለኝ።

አከራዬ እትዬ ወለላ ደግሞ አንድ ከሰዓት በሬን አንኳኩ።

«አንቺ፣ ልጅሽን ያዢልኝ። ያጠብኩትን አንሶላ እየገለጠች አፈር ላይ ትጥልብኛለች። ምን ደብቄባታለሁ?»

«ልጅ ናት እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የጎረቤቱንም መጋረጃ ገልጣበታለች። ሰውየው ገላውን እየታጠበ ነበር።» ይህን ሲሉ ሳቅ ሊያመልጣቸው ትንሽ ነበር የቀረው።

ምሕረትን ተቆጣኋት። ከዚያ እንደ ልማዴ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። መጥታ ነጠላውን ሳበችው። እጇን መታ አደረግኩት። እንደገና ሳበችው። ስገልጠው አፏን ከፈት አድርጋ፣ አንድ ነገር እስክላት እየጠበቀች ታየኛለች።

ያኔ ገባኝ። ሳህሌ ከእርሻ ሲመለስ ጋቢውን ይከናነብና «አባ የለም» ይላት ነበር። ትገልጠዋለች፤ «አለ!» ትላለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ልጄ በየአንሶላው፣ በየመጋረጃው አባቷን ስትፈልግ ነው የከረመችው። የእኔም ነጠላ ጨዋታ መስሏታል። እኔ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ወራት ተሸፍኜ ስኖር አንዴ እንኳ «አለሁ» አላልኳትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሸሚዝ ሳለብሳት እጇ እጅጌው ውስጥ ሲጠፋ «እጅሽ የት ሄደ?» እላታለሁ። ብቅ ሲል «አለ!» እላለሁ። ፊቷን በፎጣ ሳደርቅ እንዲሁ። ወጥ ስሠራ አንድ ራስ ሽንኩርት በድስት ክዳን እሸፍንና እሷ ታገኘዋለች። መጫወቻ አልገዛሁም። ሕፃን ይዛችሁ ከቀያችሁ የወጣችሁ እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ እኛ ሥራ የምንለው፣ ቀስ ብለን አብረናቸው ከሠራነው፣ ለእነሱ ጨዋታ ነው። ኀዘን ላይ ያለችን ሴት መጫወት ያሳፍራታል። እኔንም አሳፍሮኛል።

አንድ ቀን ሳቃችን ውጭ ድረስ ተሰማ። እትዬ ወለላ ብቅ ብለው፣ «ሙት ዓመቱ መቼ ነው ያልሽኝ?» አሉኝ።

«ገና ነው» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ። በማግስቱ ምሕረት እንዳትደርስበት የልብስ ማስጫውን ገመድ ከፍ አስደርገውት አገኘሁ። እኔም በሬን ዘግቼ ጨዋታውን ቀጠልኩ።

ጋቢውን ግን አላወጣሁትም። ከነፌስታሉ አልጋ ሥር ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአዶት ደወልኩ። እያወራን ምሕረት አልጋው ሥር ገብታ ጋቢውን ጎትታ አወጣችው። ዘረጋችው። ከሥሩ አየች፤ ገልብጣ እንደገና አየች። ከዚያ ራሷ ተከናነበችውና መሀል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«አባ የለም» አለች፣ ጥርት አድርጋ።

«የማን ድምፅ ነው?» አሉ አዶት። «ተናገረች እንዴ? ምን አለች ልጄ?»

አባቷን አስመስላ እየተጫወተች ይሁን፣ ወይስ ገብቷት እየነገረችኝ፣ አላወቅሁም። አዶት በስልኩ ይጠብቃሉ። ምሕረት ጋቢው ሥር ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። ስልኩን በአንድ እጄ እንደያዝኩ በሌላው የጋቢውን ጫፍ ጨበጥኩ።