የወለተጻድቅ እጅ

ኮልፌ ውስጥ ሴት ስትሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለወይዘሮ ወለተጻድቅ ነው። የእድሩን ሴቶች አጥቦ መገነዝ የእሷ ሥራ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈው። በለቅሶው ቀን "እጅሽ ይባረክ" የማይላት የለም። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ግን መንገድ ላይ ሲያገኟት የሚዘረጉላት የእጃቸውን አንጓ ነው፤ "ሊጥ ነክቼ ነው" እያሉ። ፌርማታ ቆሞ ታክሲ እየጠበቀ ሊጥ የሚያቦካ ሰው እንግዲህ ያለው እዚያ ሰፈር ብቻ መሆን አለበት! እሷ ግን ለምዳዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ከራሷ ሳል በቀር ድምፅ አለመኖሩንም ለምዳዋለች።

ያልቻለችው ይኼኛውን ነው። አየር ጤና የሚኖረው አንድ ልጇ አምሐ ሴት ልጅ ወለደ። በቤታቸው ወግ ጨቅላ የምታጥበው አያት ናት፤ የምራቷ የቤተልሄም እናት ደግሞ በሕይወት የለችም። ወለተጻድቅ ሁለት ሳምንት ስልኳን ስታይ ከረመች። ነይና እጠቢልን ያላት የለም።

"እጄን ፈርተውት ነው" አለች። ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቀች፤ ጥፍሯን ከሥሩ ከረከመች፤ መዳፏን እስኪላጥ በሎሚ ፈተገች። አሁንም ስላላመነች ለንስሐ አባቷ ለአባ ባምላኩ ነገረቻቸው።

አባ ሳቁ። "አራሷ ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ አንቺ ትገቢያለሽ። ታዲያ ማን ማንን ይፈራል? ሙት አጥቦ መቅበር ጽድቅ ነው እንጂ እድፍ አይደለም። በይ ሂጂ!"

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሄደች።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ። ልጅቷን ላጥብልሽ ነው የመጣሁት።"

"ውይ እማማ፣ አሁን ነው የታጠበችው። ጎረቤቴ ሄቨን አጠበችልኝ" አለች ቤተልሄም፣ የአማቷን እጅ እያየች።

የሕፃኗ አንገት ላይ ወተት ደርቋል። የታጠበና ያልታጠበ ገላ ለወለተጻድቅ አይጠፋትም። አምሐን ቀና ብላ አየችው።

"ሻይ ልጨምርልሽ፣ እማዬ?" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሻዩን ሳትጨርስ የእድሩ ዳኛ አቶ አሰፋ ደወሉ። ኮልፌ አንዲት ባልቴት አርፈዋል። ቤተልሄም በር ድረስ ሸኘቻት፤ ቀለል ብሏታል። ወለተጻድቅ ታክሲ ውስጥ አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት የተዘቀዘቀ ነጠላዋን አይታ ሐዘንተኛ መሰለቻትና "እግዜር ያጽናሽ" አለቻት።

ለቅሶ ቤት ስትደርስ ሴቶቹ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረቡላት።

"ሙቅ አምጡልኝ" አለች።

"ለሬሳ?"

"አዎ፣ ለብ ያለ።"

ሲያመጡላት ክርኗን ነክራ ሙቀቱን ለካች። ከዚያ በሩን ዘግታ የባልቴቷን ራስ በክንዷ ደገፈች፤ ሳሙናው ዓይናቸው እንዳይገባ ግንባራቸውን በመዳፏ ከልላ በቀስታ ታጥባቸው ጀመር።

"አይዞሽ የኔ እናት" አለች፤ "አሁን ያልቃል።"